የእጅ ውርወራ በጠባብ ሜዳ፡ ትኩረት የተነፈገው የመከላከል ሥራ

በእግር ኳስ ሥልጠና ለቅጣት ምትና ለማዕዘን ምት ሰፊ ጊዜ ሲሰጥ፣ የእጅ ውርወራ ኳስን ወደ ሜዳ ከመመለስ ያለፈ ፋይዳ እንደሌለው ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ይህ አመለካከት ይበልጥ የሚጎዳው በጠባብ ሜዳ የሚጫወቱ ቡድኖችን ነው። በምዕራብ ጎጃም ዞን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በትምህርት ቤት ግቢና በግጦሽ መሬት ላይ ለሚጫወቱ ወጣቶችም ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

የጨዋታው ሕግ የሜዳ ስፋት ከ45 እስከ 90 ሜትር እንዲሆን ይፈቅዳል። ስፋቱ 68 ሜትር በሆነ ሜዳ ከማዕዘኑ አጠገብ የሚወረውር ተጫዋች ከቅርቡ የግብ ቋሚ 30 ሜትር ያህል ይርቃል። በ45 ሜትር ሜዳ ግን ርቀቱ ወደ 19 ሜትር ዝቅ ይላል። በመሆኑም በሰፊ ሜዳ ልዩ የክንድ ኃይል የሚጠይቀው ውርወራ በጠባብ ሜዳ ከማዕዘን ምት ጋር የሚቀራረብ አደጋ ይሆናል። ከዚህም ባሻገር ኳስን በቀጥታ ከውርወራ የሚቀበል ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ስለማይባል፣ ተከላካዮች ወደፊት በመውጣት አጥቂውን ማስቀረት አይችሉም።

የውርወራ ጉልበት በታላላቅ ውድድሮችም ታይቷል። የእንግሊዙ ስቶክ ሲቲ የሜዳውን ስፋት ጠበብ አድርጎ በሮሪ ዴላፕ ረጅም ውርወራ ይጠቀም እንደነበር ይታወሳል። ክለቡ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. አርሰናልን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱም ግቦች የተገኙት ከዴላፕ ውርወራ ነበር። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 2 ለ 1 ያሸነፈችው አይስላንድም የአቻነቷን ግብ ያገኘችው ከአሮን ጉናርሰን ረጅም ውርወራ ነው። የአይስላንድ ሕዝብ በወቅቱ 330 ሺህ ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ከዚህ ቁጥር ከስድስት እጥፍ በላይ ነበር።

አደጋውን ለመከላከል የሥራ ክፍፍል ያስፈልጋል። ኳሱ ሊያርፍበት የሚችለውን አጥቂ አንድ ተከላካይ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይይዙታል። ሌላ ተጫዋች ተገጭቶ የሚመለሰውን ሁለተኛ ኳስ ለማግኘት በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ ይቆማል። ወርዋሪው ኳሱን ከለቀቀ በኋላ ያለ ጠባቂ ወደ ሜዳ ስለሚገባ እርሱንም የሚከታተል ሰው ሊመደብ ይገባል። ተከላካይ ወርዋሪውን ለማወክ ቢቀርብም ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት ሊቆም አይፈቀድለትም።

ሕጉን ማወቅ ራሱ የመከላከል አካል ነው። የተጋጣሚ ውርወራ ማንንም ሳይነካ መረብ ውስጥ ቢገባ ግብ አይሆንም፤ የመልስ ምት ይሰጣል። በራስ ግብ ላይ ከሆነ ደግሞ የማዕዘን ምት ይሆናል። በመስከረም 1995 ዓ.ም. የአስቶን ቪላው ኦሎፍ ሜልበርግ ለራሱ ግብ ጠባቂ ፒተር ኤንክልማን የወረወረው ኳስ መረብ ውስጥ ገብቶ ለበርሚንግሃም ግብ ሆኖ የተመዘገበው፣ ዳኛው ግብ ጠባቂው ኳሱን ነክቷል ብለው በመወሰናቸው ነበር።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተከሰተው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው ይታወቃል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት አካባቢ የተማሪዎች ውድድርም አብሮ ይቋረጣል። ስፖርቱን መልሶ ለማነቃቃት ግን ስታዲየም እስኪገነባ መጠበቅ ግድ አይሆንም። ለውርወራ ልምምድ አንድ ኳስ፣ አንድ የተሰመረ መስመርና ከእያንዳንዱ ልምምድ 15 ደቂቃ ይበቃል። የዞንና የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ለአሠልጣኞችና ለዳኞች በሚያዘጋጁት ሥልጠና ውስጥ የውርወራን ሕግና አከላከል ቢያካትቱ፣ አነስተኛ በጀት ባላቸው ቡድኖች ላይ ሳይቀር በአጭር ጊዜ የሚታይ ለውጥ ሊያመጡ ይችላሉ።