ጦቢያ እስከ መቼ የወንድ ልብስ ትለብሳለች?

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እየተባለ የሚጠቀሰው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ሲታተም፣ ከታሪኩ እምብርት የቆመችው ሴት ነበረች። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ለመፈለግ ከአባቷ ጋር አገር አቋርጣ ስትወጣ የወንድ ልብስ ለበሰች። ደራሲው ይህን ለምን እንዳደረገ ብዙ ማብራራት አላስፈለገውም፤ ሴት በሴትነቷ ያን መንገድ በሰላም ልታልፈው እንደማትችል አንባቢው ሁሉ ያውቅ ነበርና።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሥነ ጽሑፋችን አድጓል፤ ገጾቹም በሴት ባለታሪኮች ተሞልተዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ ሰብለ ወንጌልን እንደ ቅርብ ዘመዱ ያውቃታል። ይሁንና ሰብለን የምናውቃት ወንድ ደራሲ ስለ እርሷ በነገረን መጠን ነው። ሴት በመጻሕፍታችን ውስጥ ትወዳለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሞታለች፤ በመጻሕፍታችን ሽፋን ላይ ግን ስሟ እምብዛም አይታይም።

ይህን በተመለከተ በየመድረኩ የሚሰጠው ምላሽ የታወቀ ነው። «ሴቶቻችን ይበረታቱ» ይባላል። የሴቶች ቀን በመጣ ቁጥር አንዲት ወጣት ገጣሚ ወደ መድረክ ትጠራለች፤ ታነባለች፤ ይጨበጨብላታል፤ አበባ ይሰጣታል። በማግስቱ ግጥሟን ይዛ ወደ መጣችበት ቤት ትመለሳለች። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭርና ግልጽ ነው፤ ሴት ደራሲ የጎደላት ተሰጥኦ አይደለም፤ ጭብጨባም አይደለም። የጎደላት ከማጀት እስከ ማተሚያ ቤት የሚያደርስ መንገድ ነው። መንገድ ደግሞ በምስጋና አይጠረግም፤ በሥራ እንጂ።

«አይጽፉም» ለሚሉ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ብሂል በችሎትና በገበያ ብቻ ሳይሆን በጽሕፈትም ዓለም ሲሠራበት ኖሯል። ወለተ ጴጥሮስ በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ እምነቷ ንጉሥን የተጋፈጠች፣ ብዙ ተከታዮችን ሰብስባ ያስተዳደረች እናት ነበረች። ገድሏ እ.ኤ.አ. በ1672 ሲጻፍ አብረዋት የኖሩ ሴቶችና ወንዶች ያዩትንና የሰሙትን መሰከሩ፤ ብዕሩን የጨበጠው ግን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነበር። ነገሩ ከሴቶችም አፍ ወጣ፤ መጽሐፉ በወንድ እጅ አለቀ። ገላውዴዎስ ባይጽፈው ኖሮ ታሪኩ በጠፋ ነበርና ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ከመሰከሩት እናቶች መካከል ብዕር የሚሰጣት አንዲት እንኳ አለመኖሯ ሊያሳስበን ይገባል።

የቅኔ ቤቱንም እንመልከት። በሃያኛው መቶ ዓመት በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ወንዶች ሊቃውንትን ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው አስተምረዋል። የሴት አእምሮ ለረቂቅ ጥበብ አይበቃም የሚለውን ወግ ለማፍረስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የእርሳቸው ጥበብ የተላለፈው ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር። ከእርሳቸው ቀድሞና ከእርሳቸው ጋር ስንት የሙሾ አውራጅ፣ ስንት በወፍጮ ላይ እንጉርጉሮ የምታወርድ፣ ስንት በምድጃ ዳር ተረት የምትፈጥር ሴት አለፈች! ብዙ ጊዜም ያን ሀብት ሰብስቦ ያሳተመው ሰው ስም በሽፋኑ ላይ ሲታተም፣ የነገረችው ሴት «አንዲት አሮጊት» ተብላ ቀርታለች። እንግዲህ «ሴቶች አይደርሱም» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ሴቶች ሳይሆን ስለ ራሱ ጆሮ ነው።

መንገድ በተገኘ ጊዜስ ምን ሆነ? ስንዱ ገብሩ ለዚህ ሕያው ምስክር ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ሄደው ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ዘመን በአዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተውን የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት መሩ። የልቤ መጽሐፍን አሳተሙ፤ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ተሰጥኦአቸው የራሳቸው ነበር። ነገር ግን ትምህርት፣ የሥራ ቦታና ተውኔታቸውን የሚጫወቱላቸው ተማሪዎች ባይኖሩ ኖሮ ያ ተሰጥኦ ከነማን ጋር ይቀበር እንደነበር መገመት አያዳግትም። ስንዱን እንደ ብርቅ ከማወደስ ይልቅ፣ ያገኙትን መንገድ ለሌሎች አለመጥረጋችንን ብንጠይቅ ይሻላል።

መንገዱ የሚቆረጠው የት ነው?

የመጀመሪያው መሰናክል ጊዜ ነው። ወንዱ ደራሲ «እየጻፍኩ ነው» ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ልጆቹ ይከለከላሉ፤ ቡናው ይቀርብለታል። ሴቲቱ «እየጻፍኩ ነው» ብትል ወጡ ያራል። ከመሥሪያ ቤት ተመልሳ፣ እንጀራውን ጋግራ፣ ልጆቹን አስተኝታ ደብተሯን ስትገልጥ እኩለ ሌሊት ይሆናል። አጭር ግጥም የብዙ ሴቶች የጽሕፈት ዘርፍ የሆነው ለረጅም ልብ ወለድ አቅም አንሷቸው አይደለም፤ ረጅም ልብ ወለድ ያልተቆራረጠ ሰዓት ስለሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛው የመጀመሪያ አንባቢ ማጣት ነው። ድርሰት ለብቻ አይበስልም። ወንዱ ረቂቁን በቡና ቤት፣ በጠጅ ቤት፣ በጓደኛ ቤት ያነባል፤ ይተቻል፤ ያርማል፤ አርታዒና አሳታሚም የሚተዋወቀው እዚያው ነው። የሥነ ጽሑፍ ምሽቶቻችን የሚጀመሩት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የሚያልቁት ታክሲ ሲጠፋ ነው። በራችን ላይ «ሴት አትግባ» የሚል ጽሑፍ አልለጠፍንም፤ ሰዓቱ ራሱ ይበቃል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በ1970ዎቹ ሥራውን የጀመረው የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት፣ ሳንሱር የሚባል ዘብ ከፊቱ የቆመ ቢሆንም፣ ረቂቅ ተቀብሎ፣ አስገምግሞና አርሞ ያሳትም ነበር። ያ ዘመን ካለፈ ወዲህ አብዛኛው ደራሲ የማተሚያውን ዋጋ ከኪሱ ወይም ከብድር ይከፍላል፤ መጽሐፉንም ተሸክሞ ከመጻሕፍት መደብር መደብር ይዞራል። በቤት ገንዘብ ላይ የማታዝ፣ በስሟ ንብረት የሌላት ሴት ለዚህ ብድር ማንን ዋስ ትጠራለች? የቅጂ መብትን የሚያስጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለታተመችውም ሆነ ላልታተመችው ሕጋዊ ጥላ ነው፤ ነገር ግን ሕግ የተጻፈን ይጠብቃል እንጂ ያልተጻፈን አይወልድም።

አራተኛው ሂሳችን ነው። ወንድ ስለ ፍቅር ሲጽፍ «ፈጠራ» እንላለን፤ ሴት ስትጽፍ «ማንን ወድዳ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ባለታሪኳ ባሏን ብትፈታ ደራሲዋ የፈታች ይመስለናል። ድርሰቱን ትተን ደራሲዋን እናነባለን። እንዲህ ያለ ሂስ ባለበት አገር ብዙ ሴቶች የጻፉትን በፍራሽ ሥር ቢያኖሩት ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ የራሴን ግለ ሂስ ላቅርብ። ከዓመታት በፊት ለአንድ መድብል ግጥም ከመረጡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አንዲት የክፍለ ሀገር መምህርት በተማሪ ደብተር ላይ በእጇ የጻፈቻቸውን ግጥሞች ላከች። ጥሩ ነበሩ፤ ጥሩ በመሆናቸውም አንዱ ባልደረባችን «ይህን ደግሞ ማን ጻፈላት?» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ደብተሩ ያለ አንዲት መስመር አስተያየት ተመለሰላት። ከዚያ በኋላ ስሟን በየትም ገጽ አላየሁትም። የዚያች ሴት ጉድለት ማበረታቻ ማጣት ነበር ልንል ነውን? የለም። መንገዷ ላይ ቆመን የመለስናት እኛ ነን።

«ጥበብ ፆታ የላትም» ለሚሉ

ከሁሉም የሚጠነክረው ተቃውሞ ይህ ነው። «ጥበብ ፆታ የላትም፤ ለሴት የተለየ በር መክፈት ሴትን መናቅ ነው» ይባላል። በመጀመሪያው ሐሳብ እስማማለሁ። ደካማ ድርሰት የሴት ስለሆነ ብቻ ይታተም የሚል ሰው ሥነ ጽሑፍንም ሴቲቱንም ይበድላል። ነገር ግን ጥበብ ፆታ ባይኖራትም ምሽት ፆታ አለው፤ ምድጃ ፆታ አለው፤ የባንክ ዋስትና ፆታ አለው። ክርክራችን ስለ ድርሰቱ መመዘኛ ሳይሆን ድርሰቱ ወደ ሚዛኑ ስለሚደርስበት መንገድ ነው።

በባሕር ማዶ ያሉት እህቶቻችን ይህን በተግባር አሳይተውናል። አዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ በፋሺስት ወረራ ጊዜ የተዋጉ ሴቶችን ታሪክ በልብ ወለድ ጻፈች፤ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻዎቹ አንዱ ሆነ። አይዳ እደማርያም የጎንደሬ አያቷን ሕይወት እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትማ በማግስቱ ዓመት የኦንዳቼን ሽልማት ተቀበለች። ሁለቱም የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የእነርሱ ስኬት ያኮራናል፤ ያሳፍረናልም። ያኮራናል፣ የእናቶቻችን ታሪክ ዓለምን የሚያናግር መሆኑን አረጋግጠዋልና፤ ያሳፍረናል፣ የኢትዮጵያዊት አያት ታሪክ ረቂቅ ተቀባይ፣ ትጉህ አርታዒና አከፋፋይ ያገኘው በባዕድ ቋንቋ ነውና። ይህንኑ ታሪክ በአማርኛ የያዘች ስንት ሴት ዛሬ በደሴ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በጎንደር አለች?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አብዛኛው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። መጽሔቶችና የመድብል መራጮች የደራሲውን ስም ሸፍነው ይመርምሩ፤ ያን ጊዜ «ማን ጻፈላት?» የሚል አፍ ይዘጋል። የማይታተም ረቂቅ ሲመለስ ምክንያቱ በጽሑፍ ይመለስ፤ ጥሩ ትችት ለጀማሪ ከአበባ ይበልጣል። የሥነ ጽሑፍ ስብሰባዎች ከሳምንቱ አንዱን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ያድርጉ፤ ልጅ ይዛ የምትመጣም ቦታ ታግኝ። ሬዲዮም አለን። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም ሕዝብ አድምጦታል፤ የማተሚያ ገንዘብ ያጣ የሴት ረቂቅ በዚያው ጎዳና ለምን አይጓዝም? የሴት ደራስያንም ሆነ የደራስያን ማኅበራት ለመጀመሪያ መጽሐፍ የሚሆን ተዘዋዋሪ የብድር ሣጥን ያቋቁሙ፤ ከሽያጩ ይመለሳል፤ ለቀጣይዋም ይተርፋል።

አንተ የባህል ሥራ የምትመራ ካድሬ ሆይ፣ በዓመት አንድ ቀን ለሴቶች የምታዘጋጀውን መድረክ ወጪ አስላውና በእርሱ ስንት ገጽ እንደሚታተም ጠይቅ። አንቺ መምህርት፣ አንተም መምህር፣ በክፍላችሁ ከኋላ ተቀምጣ በደብተሯ ጀርባ የምትጽፈውን ልጅ ታውቋታላችሁ፤ የመጀመሪያ አንባቢዋ ሁኑ፤ ጽሑፏን ሳታሳቅቁ አርሙላት። አርቲስት ሆይ፣ የምትጫወተው ተውኔት ውስጥ ያለችውን ሴት ማን እንደጻፋት ጠይቅ፤ ሴት የጻፈችውንም ተውኔት ፈልገህ ተጫወት።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ስፍር ቁጥር የሌላቸው እናቶች ኩራዝ ይዘው ፊደል ቆጠሩ፤ ስማቸውን መጻፍ ሲችሉም በደስታ አለቀሱ። የእነዚያ እናቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ከስማቸው የሚበልጥ የሚጽፉት ነገር አላቸው። ፊደሉን ሰጥተን ወረቀቱን ልንነፍጋቸው አይገባም። ጦቢያ መንገድ ትወጣለች፤ ወጥታለችም። ልብሷን መለወጥ የእርሷ ግዴታ አይደለም፤ መንገዱን መለወጥ ግን የእኛ ግዴታ ነው።