ፍጉን ለቀቅ፣ ከረጢቱን ጠበቅ?

ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ ፍግና ብስባሽን የአያቶች ልማድ ብሎ አጣጥሎ፣ የአፈር መድኃኒቱ የፋብሪካ ማዳበሪያ ብቻ ነው ሲል ደመደመ። ጸሐፊው ራሱ የአያቶች ልማድ የሆነውን የኮንሶን እርከን አይተው ያውቁ ይሆን? ድንጋዩ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ተክቦ፣ አፈሩን ከጎርፍ ይዞ፣ ከ400 ዓመት በላይ ሕዝብ አብልቷል፤ ዩኔስኮም በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በጉራጌ ደግሞ እናቶች የከብቱን እበት ጠርገው እንሰቱ ሥር ያፈስሳሉ (የጓሮው አፈር ጥቁረት ራሱ ይመሰክራል)።

የፋብሪካው ማዳበሪያ ዩሪያ ምርት አይጨምርም አላልኩም። ግን የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ብቻውን ሲደጋገም የአፈሩን አሲዳማነት ያባብሳል፤ ያኔ ገበሬው አሲዳማነቱን የሚያበርድበት ኖራ ፍለጋ ይወጣል። ይህን ጽሑፉ አንድም ቦታ አላነሳም። ጸሐፊው የጓሯቸውን ቅጠል ማቃጠሉን ትተው አንድ ክረምት ያበስብሱትና ከዚያ እንነጋገር።