ዕድሜው ላለፈ ልጅ አቋራጩ ይከፈትለት

የ12 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር 1ኛ ክፍል ተቀመጥ ቢባል ስንት ቀን ይቆያል? አፍሮ ወደ ሊስትሮው ወይ ወደ ከብቱ ይመለሳል። በጦርነትና በድርቅ ከትምህርት ገበታ የራቁ ብዙ ልጆች ያሉት እዚህ ጋ ነው።

መላው አዲስ አይደለም። አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የ4 ዓመቱን በ3 ዓመት ሲያስጨርስ ቆይቷል። ስፒድ ስኩል የሚባለው ደግሞ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለውን በ10 ወር አጠናቆ ልጁን ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ያስገባዋል። ግን በለጋሽ ገንዘብ የቆመ ፕሮግራም ገንዘቡ ሲያልቅ ያልቃል። ስለዚህ መንግሥት በመደበኛ በጀቱ ይያዘው።

እናንተም ሰፈራችሁ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁለት።