የካይሮ የብርሃን ሰሌዳዎች፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ከዓባይ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ተነሥቶ፣ መሐል ካይሮን አቋርጦ እስከ ናስር ከተማ የሚዘልቀው የኦክቶበር 6 ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በዚህ ድልድይ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ሲመለከት ከሕንፃዎቹ እኩል የሚያየው የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ነው። በቀለበት መንገዱ፣ በጊዛ አውራ ጎዳናዎችና በአዳዲሶቹ ከተሞች መግቢያዎችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሸራ ላይ ከሚታተሙት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን በብርሃን የሚሠሩ ዲጂታል ስክሪኖች እየተበራከቱ መጥተዋል።

ለውጡ የውበት ወይም የድምቀት ብቻ አይደለም። የሰሌዳው ባሕርይ ራሱ ተለውጧል። በሸራ ዘመን አንድን ማስታወቂያ ለመቀየር ሠራተኞች ከፍታ ላይ ወጥተው አሮጌውን ማውረድና አዲሱን መወጠር ነበረባቸው። መልእክቱን ለመለወጥ የሚፈልግ ሁሉ በቦታው በአካል መገኘትና ለሕዝብ ዓይን መጋለጥ ግድ ይለው ነበር። ዛሬ ግን ከስክሪኑ ጀርባ አነስተኛ ኮምፒውተር አለ፤ ኮምፒውተሩም በኢንተርኔት መስመር አማካይነት ከአንድ ማዕከላዊ ሶፍትዌር ጋር ይገናኛል። አንድ ባለሙያ በቢሮው ተቀምጦ በተለያዩ ሰፈሮች የቆሙ በርካታ ስክሪኖችን በአንድ ጊዜ መምራት ይችላል።

የንግድ አሠራሩም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ለምሳሌ የአንድ ደቂቃ ዙር በስድስት የ10 ሰከንድ ክፍሎች ቢከፈል ስድስት ደንበኞች አንዱን ስክሪን ይጋራሉ። ስክሪኑ በቀን 18 ሰዓት ቢሠራ የእያንዳንዱ ደንበኛ ማስታወቂያ 1,080 ጊዜ ይታያል። ምን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ ኮምፒውተሩ በመዝገብ ይይዛል፤ ይህ መዝገብም ለደንበኛው እንደ ማረጋገጫ ይቀርባል። በመሆኑም ዲጂታል ሰሌዳ ከብረትና ከመብራት ይልቅ በሥርጭት መስመሩ ይመዘናል፤ ማለትም ለጎዳና እንደሚተላለፍ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊታይ ይገባዋል።

የግብፅ ሕግ የጎዳና ማስታወቂያን ሲያስተዳድር ረጅም ዘመን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሕግ ቁጥር 66 ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ከኖረ በኋላ፣ በ2020 በወጣው ሕግ ቁጥር 208 ተተክቷል። አዲሱ ሕግ በአውራ ጎዳናዎች ላይ የሚተከሉ ማስታወቂያዎችን መመዘኛና ደንብ የሚያወጣ ብሔራዊ ተቋም እንዲቋቋም አድርጓል። የዚህ ሥርዓት አስፈላጊነት አጠያያቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2023 ካይሮን የመታው የአሸዋ አውሎ ነፋስ በድልድይ ላይ የቆመን የማስታወቂያ ሰሌዳ በተሽከርካሪዎች ላይ ጥሎ የሰው ሕይወት መጥፋቱና ሌሎች መቁሰላቸው ይታወሳል። የምሶሶው ጥንካሬ፣ የመሠረቱ ጥልቀትና የነፋስ መቋቋሚያ ስሌቱ የሕይወት ጉዳይ መሆናቸውን ያ ቀን በግልጽ አሳይቷል።

ሆኖም ከዓመት በኋላ የደረሰው ሌላ ክስተት የምሶሶው ጥንካሬ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አመልክቷል። በጁላይ 2024 አጋማሽ በጊዛ ፋይሰል ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ የማስታወቂያ ስክሪን ላይ የአገሪቱን መሪ የሚነቅፉ ምስሎችና ጽሑፎች በድንገት ታዩ፤ የመንገደኞች የስልክ ቪዲዮም በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ተሠራጨ። ብዙም ሳይቆይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ድርጊቱን ፈጽሟል ያለውን፣ በኤሌክትሮኒክስ ስክሪኖች ሥራ ላይ የተሠማራ ቴክኒሻን በቁጥጥር ሥር ማዋሉን አስታወቀ። ስለ መልእክቱ ይዘት ማንም የየራሱን አስተያየት ሊይዝ ይችላል። ለስክሪን አስተዳደር ግን ትምህርቱ አንድ ነው፤ ብረቱ ሳይነቃነቅ፣ መሰላል ሳይቆም የሰሌዳው ድምፅ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል።

በዚያው ወር፣ ጁላይ 19 ቀን፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያሠራጨው ጉድለት ያለበት ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጪ አድርጓል። በኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ከሚገኙት ታዋቂ ስክሪኖች አንዳንዶቹም ጨልመው አደሩ። በጊዛው ጉዳይ የተጠቀሰው የሰው እጅ ነው፤ በኒውዮርኩ ደግሞ ስሕተት እንጂ ክፋት አልነበረም። የሁለቱ ሥር ግን አንድ ነው። መልእክቱ ከሩቅ የሚመራ ከሆነ ጥፋቱም ከሩቅ ይመጣል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ኃላፊነት ሰንሰለቱ ይወስደናል። በአንድ ስክሪን ዙሪያ የቦታው ባለቤት፣ ፈቃድ ያወጣው ድርጅት፣ ሶፍትዌሩን የሚያቀርበው ኩባንያ፣ ማስታወቂያውን የሚያዘጋጀው ወኪልና ጥገና የሚያካሂደው ቴክኒሻን ይገኛሉ። አምስቱም አንድ የይለፍ ቃል የሚጋሩ ከሆነ ችግር ሲደርስ ጥፋተኛውን መለየት አዳጋች ይሆናል፤ ጥርጣሬውም በአብዛኛው የሚያርፈው ዝቅተኛ ደመወዝ በሚከፈለው የጥገና ሠራተኛ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ሲኖረው፣ አንዱ ያስገባውን ምስል ሌላው ሳያጸድቀው እንዳይታይ ሲደረግ፣ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳይ መዝገብ ሲጠበቅ የሕዝብም የሠራተኛውም ደኅንነት ይጠበቃል። በዚህ ሙያ የተሠማሩ ወገኖቻችንም የጽሑፍ የሥራ ትእዛዝ መጠየቃቸውና የይለፍ ቃላቸውን ለማንም አለመስጠታቸው ራሳቸውን ካልሠሩት ጥፋት ይታደጋቸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃንና ኤሌክትሪክ ነው። በካይሮ የቀን ፀሐይ ምስሉ እንዲታይ ስክሪኑ እጅግ ደማቅ መሆን አለበት፤ ያው ድምቀት በሌሊት ካልተቀነሰ የአሽከርካሪን ዓይን ያጥበረብራል፣ ፊት ለፊት ያለውን መኖሪያ ቤት እንቅልፍ ይነሣል። እንደ ፋይሰልና አርድ አል-ሊዋ ባሉ፣ ከአፍሪካ ቀንድና ከሱዳን የመጡ በርካታ ሰዎች በሚኖሩባቸው ጥቅጥቅ ያሉ ሰፈሮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥት በኦገስት 2022 ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የመንገድና የአደባባይ መብራቶችን ለመቀነስ ዕቅድ ማውጣቱ፣ በ2023 እና በ2024 የበጋ ወራትም ነዋሪዎች በየቀኑ የኃይል መቆራረጥ ማሳለፋቸው አይዘነጋም። ቤቱ ጨልሞ ባደረ ሰው ዘንድ በርቶ የሚያድር ስክሪን የፍትሕ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። በመሆኑም ድምቀትን እንደ ሰዓቱ የሚቀንስ የብርሃን መለኪያና የመዝጊያ ሰዓት የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ቢሆኑ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ስክሪኖቹ ለሕዝብ ሊሰጡ የሚችሉት ጥቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ትልቅ ድልድይ በተደረመሰ ጊዜ የከተማይቱ ዲጂታል ሰሌዳዎች የንግድ ማስታወቂያቸውን አቁመው አሽከርካሪዎችን ሲያስጠነቅቁ ነበር። በካይሮም የኸምሲን ነፋስ ሲነሣ ወይም መንገድ ሲዘጋ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ሊያደርስ የሚችለው ይኸው ስክሪን ነው። በ1958 የወጣው ሕግ ቁጥር 115 ሰሌዳዎች በዐረብኛ እንዲጻፉ ያዛል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዲጂታል ስክሪን ቦታ ሳይጨምር መልእክቱን በየሰከንዱ መለዋወጥ ስለሚችል፣ ከዐረብኛው ቀጥሎ የአደጋ ማስጠንቀቂያን በሌሎች ቋንቋዎች ማሳየት አይከብደውም። ዐረብኛ ማንበብ ላልቻለ ሠራተኛ አሥር ሰከንድ ብዙ ነው።

የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከ2007 ጀምሮ የጎዳና ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን በሕግ ከልክላለች። ካይሮ የመረጠችው መንገድ ግን ክልከላ ሳይሆን ፈቃድና ቁጥጥር ነው። አዲስ አበባም በ2021 በታደሰው መስቀል አደባባይ ላይ ግዙፍ ስክሪኖችን ከተከለች ወዲህ ይህ ጥያቄ የሁለቱም ከተሞች ሆኗል። ፈቃድ ሰጪው አካል የምሶሶውን ጥንካሬ እንደሚመረምር ሁሉ የቁልፉን ባለቤት፣ የብርሃኑን መጠንና በአደጋ ጊዜ የሚሰጠውን አገልግሎት ሊመረምር ይገባል። ምሶሶው ጸንቶ ቁልፉ ያልተጠበቀ ሰሌዳ ገና በግማሽ እንደተተከለ ይቆጠራል።