ከውጭ የመጣ ዕቃ ዋጋው ስንት ነው?

ባለፈው ሳምንት ከማታ ተማሪዎቻችን አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ ቀሩ። ልጃቸው ከዓረብ አገር የልብስ ስፌት መኪና ልካላቸዋለች። መኪናው ጉምሩክ ደርሷል። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «25,000 ብር ካላመጡ አይወጣም» ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ መኪናው ተከፍሎበት የለም ወይ? ጊደሬን ልሸጥ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ሒሳቡን በወረቀት አይተውታል?»

«የምን ወረቀት! በአፉ ነው የነገረኝ።»

በማግሥቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ምሳሌ አብረን ሠራን። እናንተም እርሳስ አንሡ።

ዕቃው የተገዛው በ10,000 ብር ነው እንበል። ማጓጓዣውና መድኑ 2,000 ብር ነው። ቀረጥ የሚታሰበው በ10,000 ላይ አይደለም። በ12,000 ላይ ነው።

ቀረጥ 20 ከመቶ ቢሆን፦ 2,400 ብር። ድምር 14,400።
የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ፦ 2,160 ብር። ድምር 16,560።
ሱር ታክስ 10 ከመቶ፦ 1,656 ብር። ድምር 18,216።

ልብ በሉ! ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጨምሮ ይቆጥራል። ሦስተኛው ሁለቱንም ጨምሮ ይቆጥራል። ታክስ በታክስ ላይ ይታሰባል ማለት ነው። የሦስቱ ድምር 6,216 ብር ሆነ።

የቀረጡ መጠን እንደ ዕቃው ይለያያል። ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ አለ። ከሱር ታክስ ነፃ የሆነም አለ። ድሮ የነበረው የሽያጭ ታክስ በ1995 ዓ.ም. በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተክቷል። ሱር ታክስ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ታክስ መክፈል ግዴታችን ነው። ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ የት እንደገባ በምን እናውቃለን? ጉዳይ አስፈጻሚም የድካሙን ዋጋ ለብቻው ጽፎ ይጠይቅ።

እማማ ተመልሰው ሄዱ። «ዲክላራሲዮኑን አምጣው፤ እኔው አነበዋለሁ» አሉት። በጣታቸው እየተከተሉ መስመር በመስመር አነበቡ። ከተባሉት 7,000 ብር ያንሳል! ቀሪውን ከዕቁባቸው ከፈሉ። ጊደሯ ዛሬም በረት ናት።

መልመጃ፦ ዕቃው 5,000 ብር፣ ማጓጓዣውና መድኑ 1,000 ብር ቢሆን፣ በምሳሌው መሠረት የሦስቱ ድምር ስንት ይሆናል? ሠርታችሁ ለጎረቤታችሁ አስረዱ።