ጋዙ ካሉብ፣ ዩሪያው ግሸን



ዘንድሮ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነበር፣ እንግዳ ስንቀበልና ስንሸኝ ከረምን። በማግስቱ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ ጎዴ ላይም የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ዜናውን በልጃቸው ስልክ ያዩ አንድ አባት "ልጄ፣ ይሄ ጋዝ እኛን ምን ይነካናል? ያለው እኮ በረሃ ነው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ይነካናል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ማሳችሁ ላይ የምትበትኑት ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ ከእንፋሎት ጋር በከፍተኛ ሙቀት ሲገናኝ ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅኑ ከአየር ከሚወሰድ ናይትሮጅን ጋር ተዋህዶ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያው ደግሞ ዩሪያ ይሠራል። ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ዓለም ላይ ጋዝ ሲወደድ ዩሪያም ይወደዳል። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ጊዜ የማዳበሪያ ዋጋ እንዴት እንደተሰቀለ አትረሱትም። እኛ ገዝተን በጅቡቲ ወደብ እያስገባን ስለምንጠቀም ሌላው ሲያስነጥሰው ጉንፋኑ የሚይዘው እኛን ነው።

የካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ተቀምጦ እኛ ዩሪያ ስንገዛ ኖርን። የጎዴው ፋብሪካ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በሽርክና የሚሠራ ሲሆን፣ ሲያልቅ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደ ነው። እኔ ይሄን እደግፋለሁ፣ በግልጽ ልናገር። ድጋፌ ግን ዓይን ጨፍኖ አይደለም።

አንደኛ፣ ለመጪው ክረምት ብላችሁ ይሄን ፋብሪካ እንዳትጠብቁ። የግንባታው ዕቅድ ራሱ 40 ወር ነው። ቢያልቅም ፎስፈረስ ከጋዝ አይወጣም፣ የኤን ፒ ኤሱ ጉዳይ ለብቻው ነው። ደግሞም ማምረት አንድ ነገር፣ በወቅቱ ማድረስ ሌላ ነገር። በ2015 ዓ.ም. የክልላችን አርሶ አደር ማዳበሪያ አጥቶ አቤት ለማለት ከተማ ድረስ ወጥቷል። ዘር ተዘርቶ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ዩሪያ፣ ከጎዴም ይምጣ ከውጭ፣ ለኛ ያው ነው። ስለዚህ ሳሩ ሳይደርቅ፣ ገለባውና እበቱ በእጃችሁ እያለ ኮምፖስት አዘጋጁ።

ሁለተኛ፣ ጋዙ ያለበት መሬት ባለቤት አለው። እዚያ ግመልና ፍየል የሚያረባ ወገን አለ፤ ውሃና ግጦሽ ለእሱ እንደኛ ማሳ ነው። የናይጄሪያ የኒጀር ዴልታ ሕዝብ ከ1950ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ነዳጅ ሲወጣበት ኖሮ፣ የዓሣ ማጥመጃው ወንዝና የእርሻው አፈር ነው የተበከለበት። የካሉብ ሰው እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ዛሬ በእሱ ላይ ዝም ያልነው ነገር ነገ በኛ ቀበሌ ቢመጣ ማን ይጮህልናል?

ይመጣል ወይ ካላችሁ፣ በሌላ መልክ ይመጣል። ከተከዜ 300 ሜጋ ዋት፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጨት ይቻላል። ይሄ ኃይል የሚጓዘው በገበሬ ማሳ ላይ በሚተከል ምሰሶ ነው። መስመሩ ሥር ባሕር ዛፍ ማሳደግ አይቻልም።

መጀመሪያ በተመደብኩበት ቀበሌ ያየሁት ነገር እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የኤሌክትሪክ መስመር ሲያልፍ ሁለት ጎረቤታሞች እኩል የሚሆን ባሕር ዛፍ ተቆረጠባቸው። አንደኛው የይዞታ ደብተሩ በስሙ ነበር፣ ዛፉንም ቆጥሮ ጽፏል፤ ካሳውን ወሰደ። የሁለተኛው ደብተር በሞቱት አባቱ ስም ነበር፣ የዛፉ ቁጥርም በቃል ብቻ። እሱ ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተመላለሰ። እኔም አብሬው ተመላለስኩ፤ ወረቀት ስለሌለን ግን የሚሰማን አላገኘንም።

ሕጉ ምን ይላል? በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው ለቆ ምትክ መሬት ያላገኘ የገጠር ባለይዞታ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ ገቢ ያገኘበት ዓመት ተወስዶ የዚያ ገቢ 15 እጥፍ ይከፈለዋል። በመሬቱ ላይ ያለው ንብረት ካሳ ለብቻው ነው። ልብ በሉ፣ ስሌቱ የሚነሳው ከገቢያችሁ ነው። ገቢያችሁን እናንተ ካልጻፋችሁት ማን ይመሰክርላችኋል?

እና ዛሬውኑ ይሄን አድርጉ፦

• ደብተሩ በሟች ስም ከሆነ የቀበሌ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ወደ ወራሽ አዙሩ። የባልም የሚስትም ስም ይግባ።
• ዘንድሮ ከየማሳው ስንት ኩንታል እንደገባ፣ በስንት እንደሸጣችሁ በደብተር ጻፉ።
• ዛፋችሁን ቁጠሩ፣ ማሳውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ደብተሩንም ጭምር።
• መስመር ወይም ፕሮጀክት ሊመጣ ነው ሲባል ስብሰባው ላይ ተገኙ፣ ጠይቁ። መጠየቅ ልማት መቃወም አይደለም።

ከግሸን ሥር ወደ በሽሎ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። እርከን ስትሠሩ አፈራችሁን ብቻ አይደለም፣ ግድቡንም ከደለል እየጠበቃችሁ ነው። ገበሬው ለዚህ አገር መብራት የሚሰጠው ላቡንም መሬቱንም ነው። የድርሻውን ቢጠይቅ ልመና አይደለም።

እናንተ ጋ መስመር ያለፈበት ማሳ ያለው ሰው ካለ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት።