ልጅም አንባቢ ነው

በአማርኛ ልብ ወለድ ከሁሉ የታወቀው የንባብ ትምህርት የተሰጠው በጎጃም፣ በዲማ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምራት በዚያ ነው፤ ፊደሉም ሁለት ሰዎችን ያገናኛል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በልጅነታቸው በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል። ይህን ታላቅ ሥራ በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው 10 ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘ የተረት መጽሐፍ አቅርበዋል። ከበደ ሚካኤልም በ«ታሪክና ምሳሌ» ለተማሪ ልጆች መግጠምን ከክብራቸው በታች አላደረጉትም። ከእነዚህ ታላላቆች በኋላ የመጣን ጸሐፊዎች ግን የልጆችን መጽሐፍ ዋናው ሥራ እስኪደርስ ድረስ የሚሞነጫጨር ትርፍ ነገር አድርገነዋል።

ዛሬ በየመደብሩ «ለልጆች» ተብሎ የሚሸጠውን የገለጠ ሰው፣ ጥቂት መልካም ሥራዎችን ካልታደለ በቀር፣ የሚያገኘው ተረት ሳይሆን ምክር ነው። ጦጣዋ ለመቀለድ፣ ጅቡም ለማስፈራት ፋታ የላቸውም፤ ሁለቱም የሥነ ምግባር መምህር ሆነው ተቀጥረዋል። በመጨረሻው ገጽ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» የሚል ጥያቄ ተደርድሮ፣ መልሱም እዚያው ታትሞ ይጠብቃል። ልጁ የሚያስበው ነገር አልተረፈለትም። ቋንቋው ሲላላ፣ ሥዕሉ ሲደበዝዝ፣ የፊደል ግድፈቱ ሲበዛ ደግሞ «ምን አለበት፣ ለልጅ አይደለም?» ይባላል። ይህ አነጋገር የኪነ ጥበብ ስንፍና መሸሸጊያ ሆኗል። ዐዋቂ የማይቀበለውን ሥራ ልጅ ይቀበል ማለት ልጅን መናቅ ነው።

የዲማና የመሰሎቹ ጉባኤ ቤቶች በዚህ ረገድ ሁለት ተቃራኒ ነገር ያስተምሩናል። የቀድሞው የንባብ ተማሪ ምሥጢሩን ያልተረዳውን የግእዝ ዳዊት አርጩሜ እየፈራ ይደግም ነበር። ያው ልጅ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ራሱ እንዲቈጥር ይታዘዛል። የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ አዲስ መሆን አለበት። መምህሩም ተቀምጠው ያዳምጡታል፤ የተጣመመውን ያቀኑለታል። እኛ ከዚህ ቅርስ ድግሙን ወርሰን ማዳመጡን ጥለናል።

በምድጃ ዳር የሚነገረውም ተረት እንዲሁ ነው። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» የሚሉት ልጆቹ ናቸው። ያልጣማቸው ሲጀመር «እሱን አይደለም፣ የጅቡን!» ብለው ያስቆማሉ፤ የወደዱትን ደጋግመው ያስተርታሉ። አያትም ትታዘዛለች። ተረቱ ታትሞ መጽሐፍ በሆነ ጊዜ ይህ ሥልጣን ከልጁ እጅ ወጣ።

«ልጅ እንደ ምርጫው ከተተወ ከንቱውን ይመርጣል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1928 ናዴዥዳ ክሩፕስካያ የኮርኔይ ቹኮቭስኪን «አዞ» የተባለ የልጆች የግጥም ተረት በ«ፕራቭዳ» ጋዜጣ አጥብቀው ነቀፉ። ማክሲም ጎርኪ ለደራሲው ተሟገቱለት። ቹኮቭስኪም ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን ልጆች አነጋገር ለዘመናት እየሰበሰበ፣ ልጅ ቋንቋን የሚያበለጽገው በጨዋታና በምናብ መሆኑን አስረዳ። ነቀፌታው ሲረሳ አዞው በልጆች አንደበት ኖረ። ደግሞም ልጁ ብቻውን ይተው ያለ የለም። ወላጅ የወደደውን ያንብብለት፣ ለምን እንደወደደው ይንገረው፤ ልጁም «እኔ ግን አልወደድሁትም» ሲል ምክንያቱን ይጠይቀው። ጣዕም የሚሰላው በዚህ ልውውጥ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የድህነት ነው፤ መጽሐፍ መግዣ ያጣ አባት፣ ፊደል ያልቈጠረች እናት ምን ያድርጉ? እውነት ነው። ሆኖም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል ሲያስቈጥር ያሳየን ነገር አለ፤ የሚነበብና የሚጣፍጥ ነገር ካልተከተለ የተማሩት ፊደል ይጠፋል። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ለብዙ ልጅ የቀረው ክፍል የገዛ ቤቱ ነበር። መንገዱ ፈጽሞ አልታጣም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ድርጅት በሀዋሳ የልጆች መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እየጫነ አዙሯል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክም ፊደል የቈጠረውና ያልቈጠረው ጎን ለጎን ተቀምጦ አዳምጧል። ዐዋቂው ሲነበብለት ያልተዋረደበትን ነገር ለልጁ ለምን እንነፍጋለን?

እንግዲህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ደራሲና ሠዓሊ ሆይ፣ ምርጥ ቃልህንና ቀለምህን ለልጁ ስጥ፤ የመጨረሻውን የምክር ገጽም ቅደድ። መምህር ሆይ፣ በቀን ሩብ ሰዓት ያለ ጥያቄና ያለ ፈተና ጮክ ብለህ አንብብ፤ የሚነበበውንም በየተራ ተማሪዎችህ ይምረጡ። ካድሬ ሆይ፣ ሪፖርትህ ስንት ልጅ እንደተመዘገበ ብቻ አይቍጠር፤ ስንት መጽሐፍ በልጅ እጅ እንደገባና ማን አብሮት እንዳነበበ ይጻፍበት። በዲማ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ይህ ዓምድ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ባዶነቱን ደብቆ ወደ ላይ መላክ አይገባም።